ምዕራፍ 7፦ መጪውና ሂያጁ

አርሴናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ባነሳበት የ2003/04 የውድድር ዘመን ቲየሪ ሄንሪ በሊጉ 30 ግብ አስቆጠረ። ብዙ ጊዜ ከጎኑ ይሰለፍ የነበረው ዴኒስ ቤርካምፕ ያገባው 4 ብቻ ነው። ጨዋታውን በዓይኑ ያላየ፣ ይህን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው ቢጠየቅ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም፤ «ሁለተኛውን ሽጡትና ሄንሪን የመሰለ ሌላ ፈጣን ግዙ» ይላል። ኮምፒውተር ላይ ቡድን የሚመራ ጀማሪ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ያገባውን ያቆያል፣ ያላገባውን ይሸጣል፣ በገንዘቡ ሌላ አግቢ ይገዛል። ከወር በኋላ ሁለቱም አግቢዎች ማግባት ያቆማሉ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የምንነጋገረው ስለ ፉትቦል ማናጀር ነው። ጨዋታው በ1992 ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር በሚል ስም ሲወጣ የሠሩት ፖልና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ነበሩ። ያኔ የሚታይ ሜዳም ሆነ የሚሮጥ ሰው አልነበረውም፤ ግጥሚያው በሙሉ የሚተረከው በጽሑፍ ነበር። ኋላ ላይ ሠሪዎቹ ከቀድሞው አሳታሚ ጋር ሲለያዩ የድሮው ስም እዚያው ቀረ፤ እነሱም ከሴጋ ጋር ሆነው ከ2004 ጀምሮ ሥራቸውን ፉትቦል ማናጀር ብለው ያወጡት ጀመር። የገንዘቡን፣ የዝውውሩንና የልምምዱን ነገር በሌሎቹ ምዕራፎች ስላየነው እዚህ አንደግመውም። እዚህ የሚያሳስበን አንድ ጥያቄ ነው፤ ፊት ላይ ሁለት ሰው የሚያሰልፍ ሰው ማንን ከማን ጋር ያጣምድ?

ገበሬ በሬ ሲያጣምድ ቁመታቸውና ጉልበታቸው የተመጣጠነውን ይፈልጋል፤ አለዚያ ቀንበሩ ይዘምማል። አጥቂ ማጣመድ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚህ መመሳሰል ጉዳት ነው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳትም ዓይንን ከአጥቂዎቹ አንስቶ ወደሚጠብቋቸው ሰዎች ማዞር ይጠይቃል።

የአጥቂ ጥንድ የሚመረጠው በሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ላይ ነው። የመሀል ተከላካይ ሥራው ቀላል የሚሆንለት ማንን እንደሚይዝና የት እንደሚቆም ሲያውቅ ነው። ሁለቱም አጥቂዎች መስመሩ ላይ ተጣብቀው ከቆሙ ነገሩ አለቀ፤ አንዱ አንዱን ይይዛል፣ ግብ ጠባቂው ከኋላ የተረፈውን ኳስ ይጠርጋል። ሁለቱም ኳስ ፍለጋ ወደ መሀል ሜዳ ከወረዱ ደግሞ ተከላካዮቹ ማንም ሳያስፈራቸው ሃያ ሜትር ወደ ፊት ይወጣሉ፣ ሜዳው ይጠብባል፣ የእናንተ አማካዮች መተንፈሻ ያጣሉ። አንዱ ወርዶ አንዱ ሲቀር ግን ተከላካዩ ያልፈለገው ጥያቄ ይመጣበታል። የወረደውን ልከተለው? ከተከተለው ጀርባው ባዶ ይሆናል፤ የቀረው አጥቂም የሚጠብቀው ያንን ባዶ ቦታ ነው። ልተወው? ከተወው የወረደው ሰው ኳሱን ተቀብሎ ይዞራል፣ ፊቱንም ወደ ግቡ ያደርጋል። ሁለቱም መልስ ያስከፍላል። የጥሩ ጥንድ ሥራ ይህን ጥያቄ በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ወደ ኳሱ የሚወርደውን «መጪ»፣ ከኳሱ ርቆ ወደ ግቡ የሚሮጠውን «ሂያጅ» እላቸዋለሁ። በጨዋታው ውስጥ ያሉት የእንግሊዝኛ ስሞች ብዙና አምታች ስለሆኑ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በኅዳር 1953 የሃንጋሪ ብሔራዊ ቡድን ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን 6 ለ 3 ሲያሸንፍ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ የገባው ናንዶር ሂዴግኩቲ አጥቂ ይቆምበታል ተብሎ ከሚጠበቀው ቦታ ወርዶ ይጫወት ነበር። የእንግሊዙ የመሀል ተከላካይ ሃሪ ጆንስተን ሲከተለው ከኋላው በር ይከፈታል፤ ሲተወው ሂዴግኩቲ እንደ ልቡ ይሆናል። ያን ቀን ሂዴግኩቲ ራሱ ሦስት ግብ አስቆጠረ፤ ፌሬንች ፑሽካሽ ሁለት ጨመረ። ከ55 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት 2009፣ ፔፕ ጋርዲዮላ በሪያል ማድሪድ ሜዳ ሊዮኔል ሜሲን በዚያው መንገድ ከመሀል አውርዶ አሰለፈው። ባርሴሎና 6 ለ 2 አሸነፈ፤ ሜሲ ሁለት፣ በመስመር በኩል የተሰለፈው ሄንሪም ሁለት አገቡ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ቀን መጪው ብቻውን አልነበረም። እሱ የለቀቀው ቦታ ላይ የሚደርስ ሰው ነበረ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንግባ። እስከ 2024 እትም ድረስ ጨዋታው ለመሀል አጥቂ ስምንት ሚናዎች ነበሩት፤ አብዛኛዎቹም ማጥቃት ወይም ድጋፍ ከሚባል ተልዕኮ ጋር ይሰጡ ነበር። እዚህ የምጠቀመው በዚያ አከፋፈል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን መጨረሻ ላይ እናየዋለን። ሚናዎቹን በዝርዝር ከመሸምደድ መጪ ነው ወይስ ሂያጅ ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ዲፕ ላይንግ ፎርዋርድ የሚባለው በድጋፍ ተልዕኮ ሲሆን ጥርት ያለ መጪ ነው። ፎልስ ናይንም መጪ ነው፤ እንዲያውም እስከ አማካዮቹ ድረስ ይወርዳል። አድቫንስድ ፎርዋርድ ሂያጅ ነው፤ ከመጨረሻው ተከላካይ ትከሻ ላይ ቆሞ ወደ ጎንም ወደ ፊትም ይፈተለካል። ፖቸር፣ የእኛ ስፖርት ጋዜጠኞች ግብ አነፍናፊ የሚሉት፣ ሂያጅ ቢሆንም ሰነፍ ሂያጅ ነው፤ ከመሀል አይወጣም፣ ኳስ ለመቀባበልም አይደክምም። ትሬኳርቲስታ የሚባለው እንደ ልቡ የሚንከራተት መጪ ነው፤ ኳስ ሲነጠቅ ግን ብዙ አይረዳም። ታርጌት ፎርዋርድ እና ፕሬሲንግ ፎርዋርድ ሰፋ ያለ ወሬ ስለሚፈልጉ ቆይተን እንመለስባቸዋለን።

ኮምፕሊት ፎርዋርድ ይቀራል፤ ሁሉን የሚችል ማለት ነው። ስለዚህ ሚና ያለኝ አስተያየት ብዙ ሰው አይወደውም፤ ለአብዛኛው ቡድን የጉራ ሚና ነው። ሁሉን እንዲያደርግ የተፈቀደለት ሰው መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚሮጥ የሚወስነው ራሱ ነው፤ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። ሁሉም ቁጥሩ ከፍ ያለ፣ በተለይም የውሳኔ ችሎታው የላቀ ሰው ካላችሁ ይስማማል። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ሆናችሁ ይህን ሚና ለአጥቂያችሁ ከሰጣችሁት ግን ለሰውየው ከአቅሙ በላይ ሸክም ጫናችሁበት ማለት ነው።

ጨዋታው ተጫዋችን የሚገልጸው ከ1 እስከ 20 በሚደርሱ ቁጥሮች ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም የትኛውን ቁጥር ቀድሞ እንደሚያይ ላይ ነው። ዓይን ሁልጊዜ ወደ «አጨራረስ» ይሮጣል። ለሂያጅ ግን ከአጨራረስ በፊት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ከኳስ ውጪ ያለው እንቅስቃሴ ነው፤ ይህ ቁጥር ዝቅተኛ ከሆነ ሰውየው ግብ የሚያገባበት ቦታ ላይ አይገኝም፣ ያልደረሰበትን ኳስ ደግሞ በ18 አጨራረስም ማግባት አይቻልም። ሁለተኛው መነሻ ፍጥነት ነው። ጨዋታው መነሻ ፍጥነትንና የሩጫ ፍጥነትን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው ሰውየው ከቆመበት ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈነጠር፣ ሁለተኛው ከተንደረደረ በኋላ የሚደርስበትን ጣሪያ ይናገራል። አጥቂ ከተከላካይ ጋር የሚወዳደረው በአብዛኛው በአምስትና በስድስት ሜትር ውስጥ ስለሆነ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል። ሦስተኛው እርጋታ ነው፤ ግብ ጠባቂ ፊት ለፊት ብቻውን የቀረ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው።

መጪው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ፣ ተከላካይ እየገፋው ኳስ ስለሚቀበል የመጀመሪያ ንክኪው ያማረ መሆን አለበት፤ ቀጥሎ ማቀበል፣ እይታ፣ ውሳኔ፣ ጥንካሬና ሚዛን ይታያሉ። ፍጥነቱ 9 ቢሆን ቡድኑን ያን ያህል አይጎዳውም። አጨራረሱ 11 ቢሆንም እንደዚያው። ጀማሪዎች እንደዚህ ያለውን ሰው ዝርዝር ውስጥ ሲያገኙት ሳያዩት ያልፉታል፤ ምክንያቱም አጥቂ ሲፈልጉ ዝርዝሩን የሚያጣሩት በአጨራረስና በፍጥነት ስለሆነ ቤርካምፕን የመሰለ ሰው ገና ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፍም።

ስለ ታርጌት ፎርዋርድ እንነጋገር። ረጅሙ ከአጭሩ ጋር የሚጣመድበት ዘዴ የእንግሊዝ እግር ኳስ የቆየ ልማድ ነው። ከሰንደርላንዱ ጥንድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ናያል ኩዊን ከ1.90 ሜትር የሚያልፍ አየርላንዳዊ ነው፤ ኬቪን ፊሊፕስ ከእሱ በብዙ ያጥራል። በ1999/2000 ቡድኑ ገና ወደ ፕሪሚየር ሊግ ማደጉ ነበር፤ ፊሊፕስ 30 የሊግ ግብ አስቆጥሮ የአውሮፓ የወርቅ ጫማ ተሸለመ፣ ኩዊንም 14 ጨመረ። ሰንደርላንድ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። ረጅም ኳስ ወደ ኩዊን ይላካል፤ ኩዊን በግንባሩ ያወርዳል፤ ፊሊፕስ ኳሱ ከመውደቁ በፊት የሚወድቅበትን ያውቃል።

ይህን ጥንድ ኮምፒውተሩ ላይ ለመሥራት የሚሞክር ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ የቁመት ነው። ጨዋታው የዝላይ ከፍታንና በግንባር የመምታት ችሎታን ለየብቻ ይመዝናል። የመጀመሪያው ሰውየው ኳሱ ጋር ይደርስ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከደረሰ በኋላ ወደፈለገው ቦታ ይመታው እንደሆነ ይወስናል። ዝላዩ 18፣ በግንባር መምታቱ 8 የሆነ ሰው እያንዳንዱን ኳስ ያሸንፍና ለተጋጣሚ ያቀብላል። ሌላም አለ። ታርጌቱን ያሰለፈ ቡድን ተሻጋሪ ኳስ የሚልክ የመስመር ሰው ከሌለው፣ ወይም የወረደውን ሁለተኛ ኳስ የሚለቅም አማካይ ከሌለው ሰውየው ለብቻው የቆመ ምሰሶ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች በአጥቂው የሚፈርዱት፤ ጥፋቱ ግን የቀሪው ቡድን ነው።

ይህ ወደ ዋናው ጉዳይ ያመጣናል። የአጥቂ ጥንድ ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው አለው። መጪው ወርዶ ተከላካዩን ይዞት ሲመጣ የሚከፈተው ቦታ አንድ ሰው ይፈልጋል። ሂያጁ ቀድሞ ወደ ጎን ሮጦ ከሆነ መሀሉ ባዶ ይቀራል፤ ያንን የሚሞላው ከኋላ የሚነሳ አማካይ ወይም ከመስመር ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ስለዚህ በ4-4-2 አሰላለፍ ከሁለቱ የመሀል አማካዮች አንዱ የማጥቃት ተልዕኮ ቢኖረው፣ መጪው ደግሞ በዚያው አማካይ በኩል ቢሰለፍ መልካም ነው። መጪው ሲወርድ አማካዩ በአጠገቡ አልፎ ይወጣል፤ ተከላካዩ የሚያየው ሁለት ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲተላለፍ ነው። በተቃራኒው ሁለቱም አማካዮች የድጋፍ ወይም የመከላከል ተልዕኮ ይዘው ከተቀመጡ መጪው ኳሱን ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ቀና ሲል ከፊቱ ያለው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

አሰላለፉ አልማዝ ቅርጽ ሲሆን ሌላ ወጥመድ አለ። ከአጥቂዎቹ ጀርባ ፈጣሪ አማካይ እያለ መጪ አጥቂ መጨመር ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ማቆም ነው። መጪውም ፈጣሪውም ኳስ የሚጠብቁት እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ተከላካይ አማካይ ሁለቱንም ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ባለ አሰላለፍ ውስጥ ፈጣሪው ራሱ መጪ ስለሆነ ሁለቱ አጥቂዎች ሂያጆች ቢሆኑ አያስነቅፍም፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይከፍታሉ። ወይም ፈጣሪውን ከኋላ ተነስቶ ግብ ጋ የሚደርስ ሰው አድርጋችሁ መጪውን ታቆያላችሁ። ሕጉ አልተለወጠም፤ የሚወርድ፣ የሚሮጥና የሚደርስ ሰው መኖር አለበት፤ ሦስቱ ሥራዎች የተከፋፈሉት ለማን እንደሆነ ብቻ ነው የተለወጠው።

በ3-5-2 ደግሞ ስፋቱን የሚሰጡት የመስመር ተመላላሾች ስለሆኑ አጥቂዎቹ ተቀራርበው መጫወት ይችላሉ። የአንቶኒዮ ኮንቴ ኢንተር ሚላን በ2020/21 የጣሊያንን ሻምፒዮንነት ሲያነሳ ሮሜሉ ሉካኩ 24፣ ላውታሮ ማርቲኔዝ 17 የሊግ ግብ አስቆጥረዋል። ሉካኩ ግዙፍ ስለሆነ ብዙ ሰው ታርጌት ብቻ አድርጎ ያስበዋል፤ እሱ ግን ተከላካይ ጀርባው ላይ አዝሎ ኳስ ይቀበላል፣ ጨዋታው ሲከፈት ደግሞ ራሱ ይሮጣል። ላውታሮም በአካል ያነሰ ቢሆንም ሁለቱንም ያደርግ ነበር። ከአሽራፍ ሃኪሚ የሚነሳው የቀኝ መስመር ሩጫና ከኒኮሎ ባሬላ የሚመጣው የአማካይ ሩጫ ባይጨመር ግን ያን ያህል ባልሠራ ነበር ባይ ነኝ።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ሕጌን የሚያፈርስ ጥንድ አለ፤ አለማንሳቱ ደግሞ ማጭበርበር ይሆናል። ማንችስተር ዩናይትድ በ1998 ድዋይት ዮርክን ከአስቶን ቪላ በ12.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ከአንዲ ኮል ጋር አጣመረው። በወረቀት ሲታዩ ሁለቱም ሂያጅ ይመስሉ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ሁለቱ በሁሉም ውድድሮች በድምሩ 53 ግብ አስቆጠሩ። ባርሴሎና ሜዳ ላይ 3 ለ 3 በተለያዩበት ምሽት ኮል ያገባትን ግብ ያየ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል፤ ኳሱ ሲመጣ ዮርክ እንደሚነካ ሆኖ ያሳልፈዋል፣ ኮል ይነካል፣ ዮርክ ይመልሳል፣ ኮል ይጨርሳል። መጪና ሂያጅ በአንድ ቅጽበት ውስጥ ሁለቴ ተለዋወጡ። ይህ ዓይነቱ መግባባት ሲገኝ ከቋሚ ክፍፍል ይበልጣል፤ ተከላካዩ ማን መጪ እንደሆነ ሲያውቅ ቆይቶበታልና። ኮምፒውተሩ ላይ ለመሥራት ግን ከሁሉም ይከብዳል። ሁለት ተጫዋቾች ቦታ እንዲለዋወጡ ማዘዝ ይቻላል፤ ያ ግን ጥላው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት አብረው የተጫወቱ፣ የቡድን ሥራና ቀድሞ የመገመት ቁጥራቸው ከፍ ያለ ጥንድ ካላችሁ ሞክሩት፤ ካልሆነ አትሞክሩት።

ስለ መግባባት ከተነሳ አይቀር፦ ኮል ከዮርክ ጋር ሲሳሳቅ ከሌላው የቡድኑ አጥቂ ከቴዲ ሼሪንግሃም ጋር አይነጋገርም ነበር። ኮል ራሱ በኋላ እንደጻፈው ነገሩ የተጀመረው በ1995 ለእንግሊዝ የመጀመሪያ ጨዋታውን ለማድረግ ሼሪንግሃምን ቀይሮ ሲገባ ሰላምታ በመነፈጉ ነው። ዓመታት በአንድ መልበሻ ክፍል አሳለፉ፤ አብረው ተሰለፉ፤ ዋንጫም አነሱ። ሼሪንግሃም ጥርት ያለ መጪ፣ ኮል ሂያጅ ስለነበሩ ሜዳ ላይ ለመግባባት ወሬ አላስፈለጋቸውም። በተጫዋቾች መካከል ፀብ በተፈጠረ ቁጥር አንዱን ለመሸጥ የሚጣደፍ የኮምፒውተር አሰልጣኝ ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው።

ኳስ በተጋጣሚ እግር ስር ስትሆንስ? አብዛኛው ሰው አጥቂ ሲመርጥ ይህን አይጠይቅም፤ እኔ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጥንድ ስኬት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌስተር ሲቲ በ2015/16 ፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳ ጄሚ ቫርዲ 24 ግብ አስቆጥሮ ነበር፤ በተከታታይ 11 የሊግ ጨዋታዎች በማግባትም ክብረ ወሰን ሰበረ። አጋሩ ሺንጂ ኦካዛኪ 5 ግብ ብቻ ነው ያለው። ጃፓናዊው ግን ያለ ዕረፍት ይሮጣል፤ የተጋጣሚን ተከላካይ አማካይ ይጋርዳል፣ የመሀል ተከላካዮቹን ያስጨንቃል፣ በስልሳኛው ደቂቃ ገደማ ሲደክም ይቀየራል። የእሱ ድካም ለቫርዲ ጉልበት ይቆጥብለታል። ፕሬሲንግ ፎርዋርድ ማለት ይህ ነው። እስከ 2024 እትም ድረስ መከላከልን ጨምሮ በሦስቱም ተልዕኮዎች ይሰጥ የነበረ ብቸኛው የአጥቂ ሚና መሆኑም ያለ ምክንያት አልነበረም። እዚህ የሚታዩት ቁጥሮች የሥራ ትጋት፣ ጽናት፣ ቆራጥነትና ጀግንነት ናቸው፤ አንዳቸውም ግብ ከማግባት ጋር አይገናኙም። ደካማ አማካይ ያለው ቡድን ከዲፕ ላይንግ ፎርዋርድ ይልቅ ይህን ሰው ቢያሰልፍ ያተርፋል።

የተጋጣሚም ነገር አለ። ተከላካዮቹን ወደ ላይ አውጥቶ የሚጫወት ቡድን ሲገጥማችሁ ሂያጁ ንጉሥ ነው። ዘጠኝ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ደርድሮ የሚጠብቅ ቡድን ሲገጥማችሁ ግን የሚሮጥበት ቦታ የለም፤ ፍጥነት 19 ቢሆን ከንቱ ነው። ያን ጊዜ አድቫንስድ ፎርዋርዱን ወደ ፖቸርነት መለወጥ ወይም በጠባብ ቦታ የሚዞር፣ በግንባር የሚያስቸግር ሰው ማስገባት ይሻላል። ብዙ ሰው ትልልቅ ቡድኖችን አሸንፎ ከወራጅ ቀጠና ቡድን ጋር አቻ እየወጣ «ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል» ሲል የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ነው አጥቂ ሲመረጥ አራት ሰው አንድ ላይ መታሰብ ያለበት፤ ሁለቱ የሚጀምሩ፣ ሁለቱ ተቀያሪ። በግንቦት 26 ቀን 1999 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ዩናይትድ በባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 እየተመራ ሳለ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን መጀመሪያ ሼሪንግሃምን፣ ኋላም በኮል ምትክ ኦሌ ጉናር ሶልሻየርን አስገባ። በጭማሪው ሰዓት ሁለቱ ተቀያሪዎች አንዳንድ አገቡ። ሁለቱ ከመቀመጫ የተነሱት የጀማሪዎቹ ቅጂ ሆነው አልነበረም፤ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ነው የገቡት። ተቀያሪው ከሚወጣው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ተከላካዩ ሰባ ደቂቃ የተለማመደውን መልስ ይደግማል።

ጥንዳችሁ ይሠራ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? በግብ ብዛት አትለኩ፤ አራት ጨዋታ ግብ ማጣት ለማንም አጥቂ የሚደርስ ነገር ነው። ከግጥሚያ በኋላ ተጫዋቾቹ በአማካይ የቆሙበትን ቦታ ተመልከቱ። ሁለቱ አጥቂዎች እርስ በርስ ተደራርበው ከታዩ ሚናቸው ተመሳስሏል። መጪው ከአማካዮቹ ጋር ከተደባለቀ ከልክ በላይ ወርዷል። ሁለቱም ከቡድኑ ተነጥለው ላይ ከቀሩ መሀሉ ተቆርጧል። ቀጥሎ ምን ያህል ኳስ እርስ በርስ እንደተቀባበሉ እዩ። ከዚያ አንድ ሙሉ ግጥሚያ ሳትዘሉ ተከታተሉ፤ አማካያችሁ ኳስ ተቀብሎ ቀና በሚልበት ቅጽበት አቁሙትና ወደ ፊት ስንት ምርጫ እንዳለው ቁጠሩ። አንድ ብቻ ከሆነ አጥቂ አትቀይሩ፤ ሚና ቀይሩ። ሲቀየርም አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ሦስቱን አንድ ላይ የቀየረ የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

ቁጥርን ማመን ልክ አለው። በቻምፒዮንሺፕ ማናጀር 01/02 ማክሲም ሲጋልኮ የተባለ ወጣት የቤላሩስ አጥቂ ነበር፤ ዲናሞ ሚንስክ ውስጥ በርካሽ ይገኝና ለገዛው ሁሉ ግብ ያዘንብ ነበር። በእውነተኛው ሜዳ ያ አልሆነም፤ ጉዳት ቀድሞ ጫማውን አሰቀለው፣ በ2020 መጨረሻም ገና በ37 ዓመቱ አረፈ። የጨዋታው መረጃ በየአገሩ ያሉ ሰዎች የሰበሰቡት ግምት ነው። ብዙ ጊዜ ጥሩ ግምት ነው፤ እንዲያውም ኤቨርተን በ2008 ተጫዋች ለማፈላለግ በዚሁ መረጃ ለመጠቀም ተስማምቶ ነበር። ሆኖም አንዳንዱ ቁጥር ለእናንተ አይታይም፤ አጥቂው ችሎታውን በየሳምንቱ ማሳየት አለማሳየቱ፣ በትልቅ ግጥሚያ መደንገጥ አለመደንገጡ ተሰውሯል። ይህን የሚነግራችሁ የመልማይ ዘገባ ነውና ሳታነቡት አትግዙ።

የ2025ቱ እትም ከተሰረዘ በኋላ በኅዳር 2025 የወጣው ፉትቦል ማናጀር ደግሞ ሚናን ለሁለት ከፍሎታል፤ ኳስ ሲያዝ አንድ ሚና፣ ኳስ ሲነጠቅ ሌላ ሚና ይሰጣል፣ የድሮዎቹ ተልዕኮዎችም ቀርተዋል። ኦካዛኪን የመሰለ ሰው በድሮው እትም ለመሥራት ከማጥቃቱ ላይ መቀነስ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ሁለቱን ለየብቻ ማዘዝ ይቻላል። ምርጫው ግን ያው ነው፤ የሚወርድና የሚሮጥ ሰው መምረጥ።

ስለዚህ የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት ገንዘባችሁን ሂያጁ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት መጪውን ፈልጉ። በጨዋታው ውስጥ ዕድሜ ከሰላሳ ሲያልፍ ቀድሞ የሚወርደው ፍጥነትና ጉልበት ነው፤ እይታ፣ ውሳኔና ንክኪ ይቆያሉ። ገበያው ደግሞ አጥቂን የሚተምነው በግቡና በዕድሜው ነው። የ32 ዓመት አዋቂ መጪ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወጣት ሂያጅን ዋጋ ሩብ አያወጣም፤ ከቀረው ገንዘብ ላይም ከጀርባ ተነስቶ ክፍተቱን የሚሞላ አማካይ መግዣ ይተርፋችኋል።